ከባለቤቱ ያወቀ ፊልም

“ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው” ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ይህን ተረት ያወጣው አባት ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅም። ዛሬ ተነስቶ “በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ” የሚል ጽሑፍ ግንባሩ ላይ ለጥፎ የሚመጣውን ፊልም ቢያይ ግን ሌላ ተረት የሚፈልግ አይመስለኝም። ፊልሙ ስለ እስሩ ከታሳሪው በላይ ያውቃል። ስለ ስደቱ ከስደተኛው በላይ ያውቃል። ስለ ጠለፋው ከተጠለፈችው በላይ ያውቃል። ባለቤቱ ብድግ ብሎ “ኧረ ጎበዝ፣ እንዲህ አልነበረም!” ያለ እንደሆነ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው። “ጥበብ ነው፤ አንተ አይገባህም!”

ፊልም አይቶ የወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። “እውነት እንዲህ ሆኖ ነው?” ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ሩቅ አያስኬድም። ሁለት ዓመት የፈጀ ክስ ሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ አይገባም። አሥር ሰው የደከመበትን አንድ ሰው እንደሠራው ማድረግ፣ ቀን ማሸጋሸግ፣ ማንም ቆሞ ያልሰማውን የጓዳ ንግግር መፍጠር የሙያው ባሕርይ ነው። ይህን ሁሉ “ውሸት” ብለን ከከሰስን ስለ አጼ ቴዎድሮስ ከተጻፉት ቴአትሮች ጀምሮ የሚተርፍ አይኖርም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፊልም ሁሉ ይቀይራል፤ ሲቀይር ግን ከማን ወስዶ ለማን ሰጠ? መጠየቅ ያለብን እሱን ነው።

እስቲ መጀመሪያ ከሩቁ እንነሳ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 የወጣው “አርጎ” የተባለው የአሜሪካ ፊልም በማግሥቱ ዓመት የኦስካርን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ታሪኩ በ1979 ቴህራን ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ ሲወረር አምልጠው ስለ ወጡ 6 አሜሪካውያን ነው። ከሞት ያዳኗቸው፣ ቤታቸው ያስጠጓቸው፣ ሐሰተኛ ፓስፖርት ያወጡላቸው ካናዳውያን ናቸው። አምባሳደር ኬን ቴይለርና ባልደረባቸው ጆን ሺርዳውን ነገሩ ቢነቃ በገዛ ራሳቸው ሕይወት ይከፍሉ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ግን ጀግናው የሲአይኤው ሰውዬ ነው። ሺርዳውን ጨርሶ የለም። የእንግሊዝና የኒውዚላንድ ኤምባሲዎች “አናስጠጋም” ብለው እንደመለሷቸው ይነገራል፤ ሁለቱም ግን የረዱ ናቸው። የኢራን ወታደሮች አውሮፕላኑን በመኪና ሲያሳድዱ የምናየው፣ ልባችንን አፋችን ውስጥ የከተተው ትርኢት፣ ከነጭራሹ አልተፈጸመም። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ራሳቸው ፊልሙን ካዩ በኋላ ከሥራው 90 በመቶው የካናዳውያን እንደነበር ተናግረዋል።

የአውሮፕላን ማረፊያውን ሩጫ ይቅር በሉለት። ሰው ብር ከፍሎ የገባው ሊደነግጥ ነው። የካናዳውያኑን ውለታ ወስዶ ለሲአይኤ ማስረከብ ግን ከማስደንገጥ ጋር ምን አገናኘው? እንግሊዝና ኒውዚላንድን ፈሪ ማድረግስ? ያ የጥበብ ጉዳይ አይደለም። ያ የውለታ ስርቆት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው እንምጣ። በ2019 ኔትፍሊክስ ያወጣው “የቀይ ባሕር የመጥለቂያ መዝናኛ” የሚል ስም ያለው ፊልም አለ። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ ደግሞም ልብ ወለድ የሚያስንቅ ነው። የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ አሩስ በተባለ ሥፍራ የቱሪስት መዝናኛ ተከራይቶ ከፈተ። ቀን ቀን ለፈረንጅ ቱሪስት ዋና ያስተምራሉ፤ ሌሊት ሌሊት ከኢትዮጵያ ተሰደው ሱዳን ካምፕ የገቡትን ቤተ እስራኤላውያን በመኪና ጭነው ወደ ባሕሩ ያወርዳሉ።

ይህን መንገድ ማን ከፈተው? ፈረደ አክሉም የተባለ ቤተ እስራኤል መምህር ነው። ከደርግ ሸሽቶ ሱዳን የገባው፣ “ኑና አውጡን” ብሎ መልእክት የላከው፣ ከሞሳዱ ሰው ከዳኒ ሊሞር ጋር ሆኖ ወገኖቹን ከየካምፑ የለቀመው እሱ ነው። ፊልሙ ግን ፈረደ አክሉም የሚባል ሰው አያውቅም። “ከበደ ቢምሮ” የሚባል ሰው ፈጥሮ፣ ለጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ ሰጥቶ፣ ከነጩ ጀግና ኋላ ኋላ ያስኬደዋል። ሌላው ሕዝብ የጀርባ ሥዕል ነው። ይጫናል፣ ይራገፋል፣ ያለቅሳል፣ ያመሰግናል። ቀረጻውም የተካሄደው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እሱስ ግድ የለም፣ አሸዋ አሸዋ ነው።

ያ ሕዝብ ግን ሻንጣ አልነበረም። ከጎንደርና ከትግራይ ተነስቶ ሽማግሌውንና ሕፃኑን አዝሎ፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ፣ ሽፍታና ወታደር እየሸሸ በእግሩ ሱዳን የገባ ሕዝብ ነው። በመንገድና በካምፕ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይነገራል። ትልቁ ጀብዱ ሞሳድ ሳይመጣ ተፈጽሟል ማለት ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ግን የነጩ መኪና ሲደርስ ነው! ፈረደ አክሉም በ1997 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አርፏል፤ “የታለሁ እኔ?” ብሎ አይጠይቅም። ፊልሙ ሲወጣ “ይህ ነጭ አዳኝ ጥቁር ተዳኝ የሚል የቆየ ተረት ነው” የሚል ትችት የዘነበበትም ለዚሁ ነው።

“ፈረንጅ እንዲህ ነው፤ የኛ ሰው ቢሠራውስ?” የምትሉ አትጠፉም። የኛም ሰው ሠርቶታል። ነገሩም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ፍርድ ቤት አድርሷል።

“ድፍረት” የተባለውን ፊልም ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ነው፤ አንጀሊና ጆሊም ስሟን አውሳበታለች። በ2014 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ሰንዳንስ ላይም ጀርመን በርሊን ላይም የተመልካች ሽልማት አገኘ። ታሪኩ ይህ ነው። በ1996፣ ይኸውም በፈረንጅ፣ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጠላፊው ደፈራት። ልታመልጥ ስትሞክር የገዛ ጠመንጃውን አንስታ ተኮሰች፤ ሞተ። እሷም በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ያኔ ገና ዓመት ያልሞላው ወይም በጭንቅ የሞላው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት፣ ጉዳይዋን ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች።

የልጅቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ፈቃዷን አልጠየቅኋትም፤ ሳትጠየቅ የተጻፈባትም የተቀረጸባትም ይበቃታል።

ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው። ይህን ማመን ያስፈልጋል። ጠለፋን “ባህላችን ነው” እያለ ሲያባብል የኖረ ሰው ሁሉ ያንን አይቶ አፍሮ ወጥቷል። ሜሮን ጌትነትና ትዝታ ሀገሬ የሚመሰገን ሥራ ሠርተዋል። የለወጠው ነገርም አለ፤ አብዛኛው አያስከፋም። የአርሲ ገበሬ ሽምግልና የሚቀመጠው በኦሮምኛ ነው፤ ፊልሙ ባማርኛ አስቀምጦታል። ማኅበሩን ሌላ ስም ሰጥቶታል። ጠበቃዋን ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ያፋጥጣታል፤ በእውነቱ ዓለም ማኅበሩና ሚኒስቴሩ ፊት ለፊት ተላትመው ማኅበሩ የታገደው በ2001 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በሌላ ሴት ጉዳይ ነው። ሕግ አስከባሪ ነኝ የሚል መሥሪያ ቤት ለተበደለች ሴት የቆመን ማኅበር ማገዱን ሰው እንዲያውቅ ማድረግ፣ ዓመቱ ቢቀያየርም፣ ለተበዳይ ያደላ ለውጥ ነው። እኔ እቀበለዋለሁ።

አንዱ ግን መታረም አለበት። በውጭ ጋዜጦች ፊልሙ በተነሳ ቁጥር ያ ፍርድ ጠለፋን በኢትዮጵያ ሕገ ወጥ አደረገው እየተባለ ይጻፋል። አይደለም። ጠለፋ በ1949 ዓ.ም.ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ወንጀል ነበር። ተንኮሉ ሌላ ቦታ ነበር፤ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ ይቀራል! ሕጉ በአንድ እጁ ከሶ በሌላ እጁ ይድራል ማለት ነው። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው ከፍርዱ ከዓመታት በኋላ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ዛሬ አንቀጽ 587 ለጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያዛል፤ ጋብቻው መፈጸሙም አያድነውም። ያን ያመጣው የአንድ ቀን ፍርድ ብቻ ሳይሆን የሴቶች የዓመታት ጩኸት ነው። “በአንድ ፍርድ አለቀ” ብሎ ያመነ ተመልካች ጠለፋው ዛሬም በየገጠሩ ሲፈጸም “ያ እኮ ድሮ ቀርቷል” ብሎ ይተኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ በገዛ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ናት። ልጅቱ ግን “ሂሩት” ሆናለች። ያዳነችው ስሟ ቀርቷል፤ የተጠለፈችው፣ የተኮሰችው፣ የታሰረችው፣ ወደ ቀዬዋ መመለስ ያቃታት ስሟ ተለውጧል። ስም መለወጥ ከለላ ሊሆን እንደሚችል አይጠፋኝም። ከለላ የሚባለው ግን ተከላዩ ሲጠየቅ ነው። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዳው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ሳለ፣ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ፍርድ ቤት እንዳገደው ተናገረ። ባለታሪኳ “ሳልጠየቅ ነው የተሠራው” ብላ አቤት ብላ ነበር። ሕፃን ሳለች ፈረሰኛ ሳይጠይቃት ወሰዳት፤ ካደገች በኋላ ካሜራ ሳይጠይቀኝ ወሰደኝ አለች።

ሁለቱ አንድ ናቸው አላልኩም! ወንጀልና ፊልም ሰማይና ምድር ናቸው። የፊልሙ ሰዎችም ክፉ አስበው አልሠሩትም፤ እገዳውም ውሎ አድሮ ተነስቶ ፊልሙ ታይቷል። የተከራካሪዎቹ ዳኛ እኔ አይደለሁም። የምለው ይህን ነው፤ “የሴት ልጅን ፈቃድ አክብሩ” ብሎ የሚያስተምር ፊልም የባለታሪኳን ፈቃድ በተመለከተ ጥያቄ የማይነሳበት መሆን ነበረበት። ሕጋችንም እዚህ ላይ ቀጭን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። መልክህን ይጠብቅልሃል። ኑሮህን፣ መከራህን ወስዶ ለተዋናይ ያለበሰውን ግን እንዴት ትይዘዋለህ?

ለዚህ እገዳ ያኔ ብዙዎች “የጥበብ ነፃነት ተነካ” ብለው ጮኸዋል። እኔም ፊልም መታገድ ደስ አይለኝም። ግን የፍርድ ቤት እገዳ ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ እናስታውስ።

ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ፣ በጥር 2005 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን “ጀሃዳዊ ሐረካት” የሚል ዶክመንታሪ አዘጋጀ። የሙስሊሙ ማኅበረሰብ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ያኔ እስር ቤት ናቸው፤ ክሳቸው ገና እየታየ ነው። ጠበቆቻቸው ፍርድ ቤት ሄደው እንዳይተላለፍ ማገጃ አወጡ። ታዲያ ምን ሆነ? ተላለፈ! የታሰረ ሰው በምርመራ ላይ ሲናገር እየታየ፣ በየሳሎናችን ገባ። ከዚያም በፊት በኅዳር 2004 ዓ.ም. “አኬልዳማ” የሚል ተመሳሳይ ፊልም ታይቷል። እስክንድር ነጋና አንዱዓለም አራጌ ያኔ ክስ ላይ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል። ቴሌቪዥኑ ግን ከዳኛው ቀድሞ ፈርዶ ጨርሷል።

ልብ በሉ። የግል ፊልም ሠሪ የእገዳ ወረቀት ሲደርሰው መድረክ ላይ ወጥቶ እንግዳውን ይቅርታ ጠይቆ መብራት አጠፋ። የመንግሥት ቴሌቪዥን የእገዳ ወረቀት ወጥቶም ማጫወቻውን ከፈተ። “ድፍረት” የትኛው ነው እንግዲህ?

ከሁለቱ የቱ ለእውነቱ ይታመናል ብትሉኝ ያለጥርጥር ተዋናይ ያለበትን እመርጣለሁ። ሜሮን ጌትነትን የሚያይ ሰው ትወና እንደሆነ ያውቃል፤ ይጠራጠራል፤ ይጠይቃል። ዶክመንታሪ ሲባል ግን እውነተኛ ፊት፣ እውነተኛ ድምፅ፣ እውነተኛ ካቴና ስላለ ሁሉ እውነት ይመስላል። ቆርጦ የቀጠለው ግን ከሳሹ ነው! “አኬልዳማ” በታየ ጊዜ ክስ ላይ የነበሩት እነ እስክንድር በየካቲት 2010 ዓ.ም. ተፈትተዋል። የኮሚቴው አባላትም ከ7 እስከ 22 ዓመት ከተፈረደባቸው በኋላ ውለው አድረው ወጥተዋል። ስማቸውን በዚያ ፊልም ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ዛሬም አገር ሙሉ ነው። ከተመልካቹ ጭንቅላት ማን ያስፈታቸው?

መንግሥት ሲለወጥ ልማዱ ተለወጠ እንዳንል፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ “የፍትህ ሰቆቃ” የሚል ዶክመንታሪ በዚያው ጣቢያ ታየ። የተገረፉት ራሳቸው ቀርበው መናገራቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ከቀድሞዎቹ የሚለየውም እሱ ነው። ተጠርጣሪዎቹ ግን ገና አልተፈረደባቸውም ነበር። የትናንቱ መሣሪያ ለዛሬው ባለጉዳይ ሲመች “ይሄኛውስ እውነት ነው” ብለን አጨበጨብን። የሚያጨበጭብ እጅ ነገ የራሱ ፊልም ሲመጣ ምን ብሎ ይከራከራል?

“ታዲያ እውነተኛ ታሪክ አይነካ ነው የምትለው?” የሚለኝ ይኖራል። ይነካ እንጂ! ኃይሌ ገሪማ በ“ጤዛ” አንበርብር የሚባል በስም የሌለ ሰው ፈጥሮ የደርግን ዘመን አሳይቶናል። ያን ዘመን የኖረ ሰው አይቶ “ይህ እኔ ነኝ” ብሎ አለቀሰ፤ “ይህ የኔ ነው፣ ወሰድክብኝ” ያለው ግን አልሰማሁም። ፈጠራው ፈጠራ መሆኑን አልደበቀም። ደራሲ ሁለት መንገድ አለው። ወይ ፈጥሮ በእውነት ይናገራል፤ ወይ የሰውን እውነት ወስዶ ባለቤቱን ያስፈቅዳል። ሦስተኛው፣ ማስታወቂያው ላይ “እውነተኛ ታሪክ” ብሎ ባለታሪኩ ሲመጣ “ፈጠራ ነው” ማለት፣ እሱ የነጋዴ መንገድ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ከእንግዲህ “እውነተኛ ታሪክ” የሚል ፊልም ስታይ ሦስት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ስሙ የቀረው የማን ነው፣ የተፋቀውስ የማን? ሁለተኛ፣ የሚናገረው ማን ነው፣ እያለቀሰ የሚታየውስ ማን? ሦስተኛ፣ ገንዘቡን ያወጣው ከታሪኩ ውስጥ የቱን ሰው ይመስላል? በሦስቱም መልሱ አንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ፊልሙ ቀኑን ሰዓቱን አስተካክሎ ቢጠቅስም አትመነው።

ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ትግራይ፣ አማራ፣ አፋር ላይ ቤቷ የተቃጠለባት፣ የተደፈረች፣ ልጇን ያልቀበረች እናት ዛሬ በሕይወት አለች። ስለ እሷ ፊልም ይሠራል፤ አትጠራጠሩ። ከፊሉን ፈረንጅ ይሠራዋል፤ የእርዳታ ሠራተኛው ጀግና ይሆናል። ከፊሉን ባለሥልጣን ያሠራዋል፤ ጄኔራሉ ጀግና ይሆናል። እሷ ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሦስት ሰኮንድ ታልፋለች።

ያ ፊልም ከመምጣቱ በፊት ሄዶ የሚጠይቃት፣ በገዛ ቋንቋዋ የሚሰማት፣ የምትለውንም “ስሜን ጻፍ” ወይም “ስሜን አትጻፍ” ስትል እንደቃሏ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ካሜራው ቆይቶ ይደርሳል። የምትናገረዋ እናት ግን ዘላለም አትቆይም።